አንድ እግሩ በካልሲ ለቆመልኝ ልጅ

የጅማ ሰዎች፣ ስኬትቦርድ (ቆመው የሚነዱት ባለ ጎማ ሰሌዳ) መማር የሚያምራችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። እሁድ ጠዋት ስቴዲየሙ አካባቢ ሕፃናት ሰብስቦ የሚያስተምረው ልጅ የቱ ነው በሉ፤ ያሳዩአችኋል።

ቦርዱን ለልጄ የላከው ካናዳ ያለው ወንድሜ ነው። እሱ እዚያ ሁለት እግሩን ሰሌዳ ላይ አስሮ በረዶ ላይ ይንሸራተታል። እኛ በረዶ የምናውቀው ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው! በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን የወከለው ሮቤል ተክለማርያም ነበር፤ ወንድሜ "ቀጣዩ እኔ ነኝ" እያለ ይፎክራል። ሮቤል የተወዳደረው በስኪ ነው፣ ለየእግሩ የየራሱ ቀጭን ሰሌዳ ያለው ሌላ ስፖርት ነው ብለው አይሰማም። ልጄ ቦርዱን በሁለት ቀን ሰለቸው። እኔ የ38 ዓመቷ እናቱ አነሳሁት።

ቀጥ ብሎ መሄዱን ቻልኩ። መታጠፉ ግን እምቢ አለ። መጀመሪያ የሄድኩበት ሌላ ቦታ አንዱ አስተማሪ ብሬን አስቀድሞ ተቀብሎ፣ ስልኩን እየነካካ "ተዘንበይ!" ይለኛል። ተዘነበልኩ፣ ወደቅኩ፣ ክርኔ ተላጠ። "ከበድ ብለሻል እኮ" አለኝ ደግሞ። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ይሄኛው ልጅ መጀመሪያ ያለኝ "እህቴ፣ የቱ ጋ ነው ያመመሽ?" ነው። የራሱን የጉልበት መከላከያ ፈቶ አሰረልኝ። ቦርዱን ገልብጦ ከሥሩ ያሉትን ዳዶዎች በቁልፍ አላላቸው። ምን እንዳደረገ አልገባኝም፤ ብቻ ያ እንደ በቅሎ ግትር የነበረ ቦርድ ለዘብ አለ። ከዚያ አንድ ጫማውን አውልቆ አስፋልቱ ላይ አስቀመጠ።

"በዚህ ዙሪያ ትዞሪያለሽ። እግርሽን አትዪ፣ ጫማውንም አትዪ። የምትሄጂበትን እዪ፤ ትከሻሽ ይከተላል።"

ጫማውን ስንቴ እንደገጨሁት እንጃ። እሱ በተቀደደች ካልሲ ቆሞ አንዴም አልሳቀብኝም። በመጨረሻ ዞርኩ! ቡና የምታፈላዋ ሴትዮ እልል አለች። ወዲያው የጅማ ዝናብ ወረደ፣ ጫማው ውኃ ሞላ። በረንዳ ሥር ቡና ጠጣን፤ ሂሳቡን ካልከፈልኩ ብሎ ታገለኝ።

ወንድሜ ቪዲዮውን አይቶ "እዚህም ያው ነው፣ ዓይን ይቀድማል። እኔን ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል" አለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

እባካችሁ ሂዱለት፣ ልጆቻችሁንም ውሰዱለት። ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቁልቁል በቦርድ ልውረድ እንዳትሉ ብቻ፤ ይቆጣል።

አንተ ጫማህን ያወለቅክልኝ ልጅ፣ ገለቶሚ፣ አመሰግንሃለሁ። የእግርህን ቁጥር ንገረኝ፤ ያ ጫማ ከዝናቡ በኋላ ጫማ አይደለም።