አሥር ሳንቲሟ ሳጥን ትግባ ወይስ ትቅር?

ባሕር ዳር ውስጥ ሳንቲም የምንሰበስብ ሰዎች በጣት የምንቆጠር ነን። ቡና ላይ ስንገናኝ ግን ወሬው አያልቅም። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወዳጄ አሥር ሳንቲም በሶፍት ጠቅልሎ መጣ። ፊቷ አንበሳ፣ ጀርባዋ የደጋ አጋዘን። «የ1969 ናት። አሜሪካ ልኬ ደረጃ ላስወጣላት?» አለኝ። ኢንተርኔት ላይ የሷ ቢጤ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ታሽጋ ደህና ዋጋ ተጠርቶባት አይቷል።

መጥራትና መሸጥ ለየቅል ነው። እኔ 1,000 ዶላር ብዬ ብለጥፍ ማን ይከለክለኛል? የምታዩት ስንት እንደተባለች ሳይሆን በስንት እንደተሸጠች ይሁን።

ደረጃ በማውጣት ስማቸው የታወቀው ሁለት የአሜሪካ ድርጅቶች ናቸው። ፒሲጂኤስ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ኤንጂሲ በ1987። ሳንቲሟ እውነተኛ መሆኗን አይተው ከ1 እስከ 70 ነጥብ ይሰጡና ያሽጓታል። 60 እና ከዚያ በላይ ማለት ገበያ ያልገባች ማለት ነው። የባጃጅ ሹፌር እጅ የነካት ሳንቲም እዚያ አትደርስም። ካልነካትም ገና ነው። ከማተሚያው ወጥታ ከረጢት ውስጥ ስትወድቅ ከእህቶቿ ጋር ትጋጫለች፤ ትጫጫራለች። በ64 እና በ67 መካከል ያለውን ልዩነት በባዶ ዓይን የሚያይ ጥቂት ሰው ነው። ዋጋው የሚለየው ግን እዚያ ላይ ነው።

እስቲ መላክንና ቤት ማስቀመጥን ጎን ለጎን እንያቸው። ለአንዲት ዘመናዊ ሳንቲም እንኳን የምርመራ ክፍያ አለ። የአባልነት፣ የማስተናገጃና የመላኪያ ክፍያ ሲጨመር፣ አንዲት ብቻ የሚልክ ሰው ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆንበታል። ከዚህ ሆኖ ዶላር መክፈል ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በሌላ በኩል ሳንቲም የሚቀመጥበት ካርቶን ክፈፍና አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር አለ። እነዚህ አንዴ ከተገዙ ለዓመታት ያገለግላሉ። ክፈፉ ለስላሳ ፕላስቲክ አይሁን፤ እሱ በጊዜ ብዛት አረንጓዴ ነገር ያወጣና ሳንቲሙን ይበላዋል። በጣና እርጥበት ደግሞ ይብሳል።

እኔም ተሞኝቼ አውቃለሁ። አሜሪካ ለሚሄድ ዘመድ ሦስት ሳንቲም አስይዤ ላክሁ። ሁለቱ 63 ተብለው ተመለሱ፤ ሲሸጡ ክፍያቸውን እንኳን አልመለሱም። ሦስተኛዋ ቁጥርም አልተሰጣት። «የታጠበች» የሚል ተጽፎባት መጣች። እውነታቸውን ነው። በሎሚ ያሸኋት እኔው ነኝ።

ስለዚህ ስሙኒም ሆነ ሽልንግ ወይም የ2002ቱ ባለ ሁለት ቀለም አንድ ብር፣ ለማስመርመር ብላችሁ አትላኩ። በሳጥን ካማራችሁ ታሽጋ የምትሸጥ ግዙ። የሌላውን ሰው ኪሳራ በቅናሽ መግዛት ማለት ነው። ብቻ ሳጥኑም ይኮረጃልና ቁጥሩን ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ፎቶውን አስተያዩ።

ጠገራ ብር ላይስ? ዘጌ ላይ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ዳር ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ያሳዩዋችሁ ይሆናል። 1780 (እ.ኤ.አ.) የሚለው ዓመት አያስደንግጣችሁ። ምስላቸው ያለበት የኦስትሪያዋ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ ከሞቱ በኋላም በዚያው ዓመት ቁጥር ሲመታ ኖሯል። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ፣ ንጹሕ ብሩም ከ1,000 እጅ 833 ነው። የወርቅ ቤት ሚዛን ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት ብዙ ይረዳል። አብዛኛው ጠገራ የሚያወጣው በያዘው ብር ልክ ነው፤ ለሱም ሳጥን ብክነት ነው።

የምኒልክ ብር ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። በ1889 ፓሪስ ውስጥ የተመታው፣ ጽሑፉ ያልደበዘዘ ከሆነ ሐሰተኛ ስለሚበዛበት የባለሙያ ማረጋገጫ ዋጋ አለው። ገዢም ያለ ማረጋገጫ ብዙ ገንዘብ አያወጣም። ቅርስ ሊባል የሚችል ዕቃ ከአገር ለማውጣት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ከመላኩ በፊት ማግኔት አምጣ አልሁት። የ1969 አሥር ሳንቲም ናስ ስለሆነች ማግኔት አይስባትም። ከ1996 ወዲህ የመጡት ውስጣቸው ብረት ነው፤ ናስ የተለበጡ ናቸው። እሱም የተሰበረ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ የነበረ ማግኔት ይዞ መጣ። አሥር ሳንቲሟ ገና ሳትነካው ዘላ ተለጠፈች። መነጽሩን አነሣን። ዓመቱ ፲፱፻፺፮ ይላል። ወዳጄ ፺፮ን ፷፱ ብሎ ነበር ያነበበው።

የቡናውን ሂሳብ እሱ ከፈለ።