የድረ ገጽ ተደራሽነት የሙያ ምስክር ወረቀቶች፦ ለማን ይጠቅማሉ?

አካል ጉዳተኞች ያለ ሌላ ሰው እገዛ የሚጠቀሙባቸውን ድረ ገጾች መሥራትና መመርመር ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በዚህ ሙያ ቀጣሪዎች በስፋት የሚያውቋቸው ምስክር ወረቀቶች እ.ኤ.አ. በ2014 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የተደራሽነት ባለሙያዎች ማኅበር፣ በምሕጻር አይ.ኤ.ኤ.ፒ.፣ የሚሰጣቸው ናቸው። ክፍያቸው ቀላል ስላልሆነ፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የትኛው ለማን እንደሚሆን ማወቅ ይገባል።

መሠረታዊው ሲ.ፒ.ኤ.ሲ.ሲ. በሁለት ሰዓት የሚሠሩ 100 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት። ኮድ አይጠይቅም። የአካል ጉዳት ዓይነቶችን፣ አጋዥ ቴክኖሎጂዎችን፣ ሁሉን አቀፍ ንድፍን፣ እንዲሁም ሕጎችን ይሸፍናል፤ ከሕጎቹም አንዱ ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው። በእኔ ግምት ትልቁ ጥንካሬው ከሰው መነሣቱ ሲሆን፣ ለፕሮጀክት ኃላፊዎች፣ ለንድፍ ባለሙያዎችና ለሥልጠና ሰጪዎች እመክረዋለሁ። የመርማሪነት ሥራ ለሚፈልግ ግን ብቻውን አይበቃም።

ለእንዲህ ያለው ሰው የተዘጋጀው ደብሊው.ኤ.ኤስ. የተባለው ነው። ማውዝ የሚነካው፣ በኪቦርድ ግን የማይደረስበት አዝራር ምን እንደጎደለው፣ በቀይ ቀለም ብቻ የተመለከተ የፎርም ስሕተት ቀለም ለማይለይ ሰው ለምን እንደሚሰወር፣ በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ ለዓይነ ስውራን በድምፅ የሚያነበው የስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር አንድን ገጽ እንዴት እንደሚተረጉም በጥልቀት ይጠይቃል። ለፈተናው በትጋት ያጠና ሰው ደብሊው.ሲ.ኤ.ጂ. የተባለውን ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በሚገባ ያውቀዋል። ቅሬታዬ ይህም ቢሆን የምርጫ ፈተና መሆኑ ላይ ነው፤ ለተፈታኙ የተበላሸ ገጽ ሰጥቶ «መርምረህ አስተካክል» የሚል ክፍል ስለሌለው፣ የመንዳት ፈተና ሳይኖር በጽሑፍ ፈተና ብቻ እንደሚሰጥ መንጃ ፈቃድ ይሆንብኛል።

ይህን ጉድለት በከፊል የሚሞላው የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ያዘጋጀው «ትረስትድ ቴስተር» ነው። ሥልጠናው በነጻ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሲሆን፣ ተፈታኙ ገጾችን በተወሰነ ሥርዓት እየመረመረ ውጤቱን ይመዘግባል። የአሜሪካ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ክፍል 508 በተባለው ድንጋጌ ቴክኖሎጂያቸውን ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲያደርጉ ስለሚገደዱ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ለመንግሥት ሥራ ተቋራጮች ሶፍትዌር የሚፈትሹ ወገኖቻችን ከዚህ ቢጀምሩ ይበጃቸዋል። ሥርዓቱ በስክሪን አንባቢ መፈተሽን ስለማያስገድድ ግን፣ ነጻ የሆነውን የስክሪን አንባቢ ኤን.ቪ.ዲ.ኤ.ን ራሳቸው ጭነው መለማመድ ይኖርባቸዋል።

የአይ.ኤ.ኤ.ፒ. ምስክር ወረቀቶች በየሦስት ዓመቱ ይታደሳሉ። እድሳቱ ተጨማሪ ክፍያና ትምህርት ቢጠይቅም አልቃወመውም፤ ሙያው ይለወጣልና። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የደብሊው.ሲ.ኤ.ጂ. መመሪያ 2.2 እትም ዘጠኝ አዳዲስ መስፈርቶች ጨምሯል፤ የአውሮፓ የተደራሽነት ሕግም ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። አዲስ አበባ ተቀምጦ በውጭ ምንዛሪ ለሚከፍል ወጣት ግን ሸክሙ ከባድ ነው፤ ፈተናውም በአማርኛ አይሰጥም።

የአማርኛ ገጾችን ችግር ማንኛቸውም ለይተው አያስተምሩም። ገጹ በአማርኛ ተጽፎ ኮዱ ቋንቋውን እንግሊዝኛ ብሎ ካስመዘገበ የስክሪን አንባቢው በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነበው ይሞክራል፤ ማስታወቂያው በምስል ብቻ ከተለጠፈ ደግሞ ለዓይነ ስውሩ አንባቢ የሚነበብ ነገር የለም። ስለዚህ ለሥራ የሚያመለክት ሰው ከምስክር ወረቀቱ ጋር ራሱ የሠራውን የአንድ የአማርኛ ድረ ገጽ የምርመራ ዘገባ ቢያያይዝ መልካም ነው፤ ዘገባውም የተገኘውን እንቅፋት፣ የተጣሰውን መስፈርት ቁጥር፣ የተጠቀመበትን መሣሪያና የማስተካከያውን ኮድ ይያዝ።