ዓይን አስሮ ማንበብ ለሚያስተምሩ ቀብድ አትክፈሉ

ዱባይ ያላችሁ ወላጆች፣ 400 ድርሃም ቀብድ ተበልቻለሁና እናንተ እንዳትበሉ።

ነገሩ «የመሀል አንጎል ማንቃት» የሚባል ኮርስ ነው። ህንድ ውስጥ ለዓመታት ሲሸጥ ኖሯል። ልጃችሁ በሁለት ቀን ሥልጠና ዓይኑ ታስሮ ያነባል ይላሉ። እኔን የጋበዘችኝ ህንዳዊት የሥራ ባልደረባዬ ናት።

አዳራሹ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ አሰሩት። የመጫወቻ ካርታ ሰጡት። መጀመሪያ አሸተተው፣ ቀጥሎ «ሰባት፣ ቀይ» አለ። ጉድ ነው! አጨበጨብኩ፤ ከፈልኩ።

ማታ የሰባት ዓመት ልጄን በሻርፕ አሰርኳትና የወተት ካርቶን ሰጠኋት። አገጯን ቀና፣ ካርቶኑን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችና አነበነበችው። «እንዴት አወቅሽ?» ስላት ሳቀች። «በአፍንጫዬ በኩል አጮልቄ ነዋ!»

አኩኩሉ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። አፍንጫ ከጉንጭ ከፍ ስለሚል ጨርቁ ግራና ቀኝ ክፍተት ይተዋል። ለዓይን ያቺው ትበቃዋለች። ያ ልጅ ካርታውን ያሸተተው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሲያሸት ካርታው ልክ ከክፍተቱ ሥር ይገባል።

የመሀል አንጎልን ደግሞ ማንም መቀስቀስ አያስፈልገውም። መስታወት ፊት ቆማችሁ የስልካችሁን መብራት ወደ ዓይናችሁ ጠጋ አድርጉ። ብሌናችሁ ሲጠብ ታያላችሁ። ያንን ትእዛዝ የሚሰጠው የመሀል አንጎል ነው። ተኝቶ ቢሆን ኖሮ እኛም ራሳችንን ስተን ነበር።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ ማንኪያ በሐሳብ እናጣምማለን የሚሉ ልጆች በዝተው ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ጀርባ ሆነው አዩአቸው። አንዷ እንድታጣምም የተሰጣትን ዘንግ በእግሯ ስትረግጠው፣ ሌሎቹ በሁለት እጃቸው ሲያጣምሙ እጅ ከፍንጅ ተያዙ። ህንድ ውስጥም የባዮኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ናሬንድራ ናያክ እነዚህን የአንጎል ኮርሶች በአደባባይ ሲሞግቱ ቆይተዋል።

በልጆቹ አልፈርድም። አባትና እናት ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጠብቁ የትኛው ልጅ ነው «አይታየኝም» የሚለው? የከፈልነው እሱን አጮልቆ እንዲዋሽ ለማሰልጠን ነው።

በማግሥቱ ለኮርሱ ሰዎች ደወልኩ። «ካርታውን ግንባሩ ላይ አድርጋችሁ ያንብብ» አልኩ። ያ ገና የሦስተኛ ደረጃ ሥልጠና ነው አሉኝ፤ ዋጋውም ሌላ። «እሺ፣ መብራቱን እናጥፋና ያንብብ። በዓይኑ ካላየ ጨለማው ምን ይጎዳዋል?» ሰውዬው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «እህቴ፣ ጥርጣሬሽ የልጆቹን ኃይል ይረብሻል» አለኝ። ቀብዱ እንደማይመለስ ግን ሳይጠራጠር ነገረኝ።

ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ፣ ሳትከፍሉ በፊት የመብራቱን ጥያቄ ጠይቁልኝ።