ደብረ ብርሃን ላይ ጥርስ ለሚያስነቅል ከውጭ የመጣ ሰው

በከተማው አንድ የግል ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የላይ መንጋጋ ጥርስ ሲነቀል ያየሁት ጥንቃቄ ምስጋና ይገባዋል። ሐኪሟ ጥርሱን ጨብጣ አልወዘወዘችም፤ ሦስቱን ሥሮች በመሰርሰሪያ ለያይታ አንድ በአንድ አወጣቻቸው፤ ድዱም አልተቀደደም። ዋናው ነገር ይኸው ነው። በጉንጭ በኩል ያለው አጥንት ቀጭን ነው፤ የፊት ጥርሶች ላይማ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በጉልበት ሲነቀል የሚሰበረው እሱ ነው። ባይሰበርም፣ ከጥርሱ ማያያዣ ጅማት ያገኘው የነበረው ደም ስለሚቋረጥበት ይመነምናል። የአጥንቱ ስፋት በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ድዱም ተከትሎት ይወርዳል።

ቅር የሚያሰኘው ሌላ ነው፦ አጥንቱ ብዙ እንዳይመነምን የተነቀለው ጥርስ ጉድጓድ የሚሞላበት የአጥንት ቅንጣት አልነበራቸውም፤ ይህ የተነገረውም ማደንዘዣው ከተወጋ በኋላ ነው። ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) የምታስቡ ከሆነ ቀጠሮ ስትይዙ በስልክ ጠይቁ። ከሌላቸው 130 ኪሎ ሜትር ወርዶ አዲስ አበባ ማሠራት ይሻላል፤ አጥንቱ ከሟሸሸ በኋላ መመለሱ እጅግ ከባድ ነውና። ኢምፕላንት ለማይገባበት ለመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ግን የቅንጣቱ ወጪ አስፈላጊ አይመስለኝም።

ጉድጓዱን የመሙላቱ ሥራ እንዲህ ነው፦ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው የታመመ ሥጋ ተፍቆ ይወጣል፣ ይታጠባል፣ ደም መምጣቱም ይታያል፤ ያለ ደም ቅንጣቱ አይያዝም። ከዚያ እስከ አጥንቱ አፍ ይሞላል። እዚህ ላይ አጥብቆ መጠቅጠቅ ስህተት ነው፤ አዲስ የደም ሥር መግቢያ ያጣል። በላዩ የኮላጅን (ከእንስሳት የሚገኝ ፕሮቲን) ሽፋን ተደርጎ በመስቀለኛ ስፌት ይታሰራል። ቅንጣቱ ከከብት ወይም ከሰው፣ ሽፋኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ሊሆን ስለሚችል፣ ለሃይማኖታችሁ የሚያሳስባችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከከብት የተሠራም አለ።

ክሩ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ስለሚወጣ፣ ጥርሱን በእረፍታችሁ መጀመሪያ አስነቅሉ። ኢምፕላንቱ ከ4 እስከ 6 ወር ይጠብቃል። ራጁን በስልካችሁ፣ የቅንጣቱን እሽግ ተለጣፊ ወረቀት ደግሞ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀጣዩ ሐኪም ይፈልገዋል።

ክሊኒኩ የድኅረ ነቀላ ምክሩን በቃል ብቻ ነው የሰጠው፤ በወረቀት ቢሆን ይበጃል። ጎዙን (የቁስል ጨርቁን) 30 ደቂቃ ያህል ነክሶ መቆየት፤ 24 ሰዓት አለመጉመጥመጥ፣ በኃይል አለመትፋት፣ በስትሮ አለመጠጣት። ከዚያ በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ። ሲጋራ ፈጽሞ አይነካም። ዘመድ «ሕመሙን ያስታግሳል፣ አረቄ ያዝበት» ቢላችሁ እሺ አትበሉ፤ ቁስሉን ያቃጥላል። ቆሎና ተልባ ይቅሩ፤ አጥሚቱም በርዶ ይጠጣ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ቅንጣት ምላስ ላይ ቢገኝ አያስደነግጥም። ሕመሙ በ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ጋብ በማለት ፈንታ ወደ ጆሮ እየወጋ ከባሰ፣ ወይም መግል ከመጣ፣ በዚያው ዕለት ወደ ክሊኒኩ ተመለሱ።