ሉክሲሎን አሉ ፓወር፦ ለጀማሪ ፕሮፌሽናል የሚሆን ክር ነው?

ጠቅላላ ሽልማታቸው 15,000 ዶላር በሆኑ ውድድሮች ፕሮፌሽናል ቴኒስ የምትጀምር ወጣት፣ ራኬቷን ከመለወጧ በፊት ክሯን ብትመረምር ይሻላል። ሉክሲሎን የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ባለ 1.25 ሚሊሜትር ውፍረቱ አሉ ፓወር ከፖሊስተር የተሠራ የራኬት ክር ነው፤ ደረቅ ነው፣ ኳስ ሲያርፍበት ይንሸራተትና ተፈናጥሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። ኳሷ እየተሽከረከረች መረቡን አልፋ መስመር ውስጥ የምትወድቀው በዚህ ነው። በኃይል ለምትመታ ልጅ ከዚህ የተሻለ መቆጣጠሪያ ማግኘት ይከብዳል።

ችግሩ ሌላ ነው። ይህ ክር ሳይበጠስ ይሞታል። ከተወጠረ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ብቻ ጥብቀቱ በግልጽ ይቀንሳል፤ ጥቂት ቀን ከተመታበት ደግሞ ትናንት መስመር ላይ ያርፍ የነበረው ምት ዛሬ ወደ ውጭ ይሄዳል። መሞቱን ለማወቅ የቁመቱን ክር በጣት ገፋ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ ተጣሞ ከቀረ አልቋል። ልጅቷ ግን ጥፋቱ የእጇ እየመሰላት አመታቷን ትቀይራለች፣ ክርኗም መታመም ይጀምራል።

ለስላሳ ክር በ25 ኪሎ ጥብቀት የምታስወጥር ከሆነ ለአሉ ፓወር 22 ወይም 23 ይበቃታል። ክንዷ ገና ካልጠነከረ ቁመቱን በዚህ፣ አግድሙን በለስላሳ ክር ማስወጠር ይቻላል።

ወጪው ቀላል አይደለም። አንዱ ራኬት 12 ሜትር ያህል ይፈጃል፤ ባለ 220 ሜትሩ ጥቅል 18 ራኬት ስለሚያወጣ በነጠላ ከመግዛት ያዋጣል።