ለጎንደር ታዳጊዎች፦ የእግር ኳስ ማሠልጠኛ ወይስ የሩጫ ክበብ?

ጎንደር ውስጥ ታዳጊዎችን የሚያንጽ የስፖርት ሥራ ለመጀመር ለሚያስብ ሰው እግር ኳስ ቀድሞ ይታየዋል፤ ከተማዋ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው የፋሲል ከነማ ክለብ መቀመጫ በመሆኗ ወላጅን አሳምኖ ወርኃዊ ክፍያ መጠየቅ አይከብድም። ሆኖም የሜዳ ኪራይ፣ ኳስ፣ መረብና መለያ አንድ ብር ሳይገባ የሚወጡ ወጪዎች ናቸው፤ ክረምት ሲገባም ጭቃው ሥልጠናውን ያቋርጣል።

የሩጫ ክበብ ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያላትን ከተማ ራሷን መለማመጃ ያደርጋታል፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የጎሃን ዳገት ለመውጣት ሰዓት የያዘ ጥሩ አሠልጣኝና በውሰት የሚሰጥ ጥቂት ጫማ ይበቃል። ጉድለቱ ገቢው ነው፤ ልጆቹን ሳያስከፍሉ ለመዝለቅ ከአዋቂ ሯጮች መዋጮ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ይህም ሆኖ እኔ ሩጫውን አስቀድማለሁ፤ ከትምህርት በኋላ ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ ያለ ክፍያ ሊገባ የሚችለው በዚህ በር ነውና።