የሸዋሮቢቱ ባለ ረጅም እጀታ የእምቦጭ ሬክ

ሸዋሮቢት ብየዳ ቤት የሚሠራው ሬክ፣ ማለትም እምቦጭን ከውሃ ጎትቶ ማውጫው፣ 12 ጥርስና 3 ሜትር የብረት ቱቦ እጀታ አለው። ጥርሱ አይታማም፤ የተጠላለፈ ሥር ሲጎተት አይታጠፍም። የሚያሳስበው ክፍተቱ ነው። በጥርሶቹ መካከል 6 ሳንቲሜትር ስላለ ትልልቁን ተክል ያወጣና ቡቃያውን ውሃው ላይ ይተወዋል። እምቦጭ ደግሞ ከአማዞን የመጣ፣ ከተረፈ ቁራጭ የሚያገግም አረም ነው፤ ማዳበሪያ የገባበት ሞቃት ውሃ ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ታየ፤ ከዚያ በኋላ ሐይቁ ያየውን አበሳ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ሬኩን ስትገዙ ወንፊት ሽቦ አስበይዱበት። ነፋሱ አረሙን ወዳከማቸበት ዳር ቆማችሁ ጀምሩ፤ ከነሥሩ፣ ሳያብብ አውጡት። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የወጣውን ጠርዙ ላይ አትከምሩ፤ ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። አብዛኛው ውሃ ስለሆነ አንጠፍጥፉትና ርቆ ደረቅ መሬት ላይ ይድረቅ። ወደ መስኖ ቦይ መጣል ግን የታችኛውን ጎረቤት ማሳ መበከል ነው።

እጀታው ከባድ ነው፤ ከታንኳ ላይ ለመሥራት አንመክረውም። ለእርሻ ኩሬ ግን፣ ሽቦው ከተጨመረ፣ ዋጋው ይገባዋል።